ለወለተ ኢየሱስ የተጻፉ ወፎች

ደብዳቤው የተጻፈው ለሟች ነበር። ጻፊዎቹ ግን አላወቁም፤ ቢያውቁማ «ለወይዘሪት ወለተ ኢየሱስ ወልደ ጻድቅ፣ ሞላሌ» ብለው፣ ማኅተም መትተው፣ «በአገር አቀፉ የአእዋፍ ጥናት ጉባኤ ላይ ተገኝተው ምስጋና እንዲቀበሉ በአክብሮት ጋብዘንዎታል» ባላሉ ነበር። ወለተ ኢየሱስ እኮ አፈር ከለበሰች ሦስት ዓመት አልፏታል።

የተቀበለው ፈሪድ ነው። ፈሪድ ሞላሌ ገበያው አፍ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ አባቱ ከቆላው ወገን መጥቶ የከፈተው ሱቅ ነው። የወፍ አጥኚ ማኅበራቸው ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ሱቅ በኩል ይመጣል። አንዴ አነበበው፣ ደገመው፤ ከዚያ አንዲት ሴት የነጠላ ዋጋ እየጠየቀችው ሱቁን ዘግቶ ወደ መምህር ወልደ ጻድቅ ቤት ሄደ። ነጋዴ ገዢ ቆሞ እያለ ሱቅ ከዘጋ ነገር አለ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ጠሯት» አላቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ። መምህሩም ማንን እንደሆነ አልጠየቁትም።

መምህር ወልደ ጻድቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ለተሥላሴ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ትሕትና፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ። ትሕትና ተምራ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆና ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ስትመለስም አንድ ያልታየ ሥራ ይዛ መጣች። ወፍ በስስ መረብ ትይዛለች፣ ትመዝናለች፣ ክንፏን ትለካለች፣ ከዚያ እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሚጢጢ ቀለበት አስራ ትለቃታለች። የመንዝ ሰው መቼ አፉን ይዘጋል! «ለሴት ልጅ ቀለበት የሚያስር በጠፋበት ዘመን ለወፍ ያስሩ ጀመር» ተባለ። እሷ ግን አብራ እየሳቀች ታስረዳ ነበር፤ ቁጥሩ እንደ ስም ነው፣ ወፏ ሌላ አገር ብትያዝ ከየት እንደ መጣች፣ ማን እንዳሰረላት ይታወቃል ትላለች።

ሳቁ ሳያልቅ ማኅበር አቋቋመች። ፈሪድን ያገኘችው ጨርቅ ልትገዛ ሄዳ ነው፤ ሐር ሲያጥፍ ጣቱን አይታ «ይህ እጅ ወፍ አያፍንም» ብላ ጠራችው፤ እውነትም ከመረብ ወፍ በመፍታት የሚያህለው አልተገኘም። ከተማሪዎቿ ሰብሊን መረጠች። አባቷን ደግሞ ጸሐፊ አደረገቻቸው። ሥልጠናውን አብረው ወስደዋል፣ የፈቃድ ወረቀትም አላቸው፤ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣልና ወፍ አትሰጣቸውም ነበር። ጽሕፈታቸው ግን እንደ ብራና ጽሕፈት ነው። «አባዬ፣ አንተ ብዕሩን ያዝ» ትላቸው ነበር። ያዙ፤ ደስም አላቸው።

ከዚያ በአንድ ነሐሴ ሆዷን አመማት። በዚያ ሳምንት ወደ ታች፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፤ መኪና የለ፣ የሚያሳልፍ የለ። ይከፈታል ሲባል ይከፈታል ሲባል በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ደረታቸውን መቱ፣ አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ መምህሩ ግን ደርቀው ቆሙ። «ወንድ ነው፣ ቻለው» አሏቸው ለቀስተኞቹ። መቻል መሰላቸው፤ አይ ሰው!

በአርባዋ ማግስት ሦስቱ መረቡን ይዘው ወደ ሜዳው ወጡ፤ ቤት መቀመጡ ስለከበዳቸው እንጂ ለሥራ ብለው አልነበረም። መጀመሪያ የተያዘችውን ወፍ ፈሪድ ፈታ፣ ቀለበት አሰረ፣ ቁጥሩን አነበበ። መምህሩ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ ሰዓቱን ጻፉ። «ያሰረው ሰው» የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ቆመ፤ ቆይተው «ወለተ ኢየሱስ» ብለው ጻፉ። ትሕትና የዓለም ስሟ ነው። ለሞተ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው፤ እናቷም በየወሩ በዚያ ስም ያስጠሯታል። ፈሪድ በትከሻቸው በኩል አየ። የራሱ እጅ ሥራ ለሌላ ሲጻፍ ቅር አላለውም፤ «ሰደቃ ትሁንላት» አለና ወፏን ለቀቃት።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ። አራሹ ከእሸቱ መጀመሪያውን ለቤተ እግዚአብሔር እንደሚሰጥ፣ የየጠዋቱ የመጀመሪያ ወፍ በኩራት ሆነች፤ ማንም ይሰራት ማን፣ መዝገቡ ላይ ለወለተ ኢየሱስ ትጻፋለች። ሰብሊ አሁን የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት፤ መዝገቡን በኮምፒውተር ገልብጣ በየዓመቱ የምትልከው እሷ ነች። ያየችውን ገለበጠች። ቀለበት የሚያድለው ዋናው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የትሕትናን ሞት ሰምቶ ስሟን ከዝርዝር አውጥቷል፤ «ወለተ ኢየሱስ ወልደ ጻድቅ» የምትባል አዲስ አባል ስትመጣበት፣ እህቷ ትሆናለች ብሎ ዝም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅቷ በወረቀት ላይ ወፍ ስታስር ኖረች፤ መቶ ሠላሳ ሰባት።

እንግዲህ ደብዳቤው ያለው ይህን ነው፦ ወለተ ኢየሱስ ከሁለት ዓመት በፊት ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን ያሰረችው ቀለበት ካዛኪስታን ተገኝቷል። ወፏም ያቺ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋን እየወዘወዘች ከከብት እግር ሥር የማትጠፋው፣ በመስከረም መጥታ በሚያዝያ የምትሄደው ናት። ከመንዝ የታሰረ ቀለበት ከባሕር ማዶ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ የድሮ አትላሳቸውን አውጥተው ጣታቸውን ከሞላሌ አነሡ፤ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፣ አረቢያን አለፉ፣ ካስፒያን ደረሱ። ተማሪ ላይ ሲጮኹበት የኖሩት ካርታ ነው፤ ያን ቀን ግን ጣታቸውን ካዛኪስታን ላይ አሳርፈው ቆዩ። ልጄ እዚህ ድረስ ሄዳለች አሉ በልባቸው።

ሦስቱ ፈሪድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው መከሩ። የማኅበሩ ፈቃድ የሚታደሰው በዚሁ ጉባኤ ማግስት ነው። መዝገባችሁ ውስጥ የሞተ ሰው ወፍ ያስራል ከተባለ ማን ያምነናል፣ ቀለበቱንም ይከለክሉናል አለች ሰብሊ። ከዚያም አንገቷን ደፍታ፣ እኔ ወለተ ኢየሱስ ልባል፣ አንድ ቀን ነው፣ ሰርተፍኬቱን ተቀብዬ እወርዳለሁ ብላ አመጣችው። ፈሪድ አልወደደውም፤ በሟች ስም መነገድ መሰለው። ሁለቱም ወደ ሽማግሌው አዩ።

ሽማግሌው የፈሩት ለፈቃዱ አልነበረም። እውነቱ ከተነገረ ስሟ እንደሚሰረዝ ያውቁታል። መቃብሯ ላይ ያለው ስም በዝናብና በውርጭ እየደበዘዘ ነው፤ ቤት ውስጥ እናቷ ሲያለቅሱ እንጂ ማንም አይጠራትም። መዝገቡ ላይ ግን ልጃቸው በየሳምንቱ ትሠራለች፣ ሰዓትና ክብደት አላት፣ ትላንትም ነበረች፣ ነገም ትኖራለች። ያቺን ማጣት አልፈለጉም፤ ሌላ ምንም አልነበረም። «ይሁን» አሉ። ለባለቤታቸው ስብሰባ ነው ብለው ሄዱ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጭጋጉን እየቀደዱ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ገቡ፤ ጉባኤው ዘንድሮ እዚያ ነበር። አዳራሹ ምሁር በምሁር ነው፤ ሁሉም ስሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሰብሊም በር ላይ ካለችው አስተናጋጅ ካርዷን ተቀብላ አጠለቀች። መምህሩ ዞር ሲሉ የልጃቸው ስም ሰብሊ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ አዩት፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ትልቅ፣ ጥቁር። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሻይ ሰዓት ላይ ባሰ። ሰዉ እየመጣ ሰብሊን ይጨብጣል፤ እንዴት አሰርሻት፣ ስንት ሰዓት ነበር ይላታል፤ እሷ ቀይ ሥር መስላ ትንተባተባለች። አንዲት ደግ ወይዘሮ የመምህሩን ካርድ አንብባ የአባት ስሙን አገናኘችና በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። «አባቷ ነዎት? ታድለው! እንዲህ ያለች ልጅ ያኑርልዎ» አለቻቸው። መምህሩ «አሜን» አሉ። ከአፋቸው አመለጠ፤ ከዚያ ሻዩን መጨረስ አቃታቸው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል መድረክ ላይ ወጣ፤ የዋናው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፣ በትሕትና ዕድሜ የሚሆን ቀጭን ሰው። ግድግዳው ላይ ካርታ አበራ፤ ከመንዝ እስከ ካዛኪስታን ቀይ መስመር ተዘርግቷል። መምህሩ ደጋግመው በጣታቸው የሄዱበት መንገድ ነው፤ ደረታቸው ሞቀ። ቀጥሎ የፎቶግራፍ ምስል መጣ፤ አንድ ቀለበት፣ ከጎኑ የደረቀች ቢጫ ወፍ። የፈረስ ማጠጫ ገንዳ አጠገብ ሞታ ያገኛት ገበሬ ቀለበቱን ፈትቶ እንደላከው ዶክተሩ ተናገረ። «መቼም ሥራችን እንዲህ ነው» አለ፤ «ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚመለስልን ወፏ ስትሞት ነው።»

መምህሩ ይህን አላሰቡትም ነበር። «ተገኝቷል» የሚለውን ሲያነቡ፣ ያቺ ወፍ በሰው አገር ሜዳ ላይ ጭራዋን እየወዘወዘች ነበር የታየቻቸው። አንድ ወር ከሷ ጋር ኖረዋል፤ በልተው ሲጠግቡ እሷስ ምን በላች ብለዋል። ለካ ደብዳቤው የመርዶ ደብዳቤ ኖሯል።

«ወለተ ኢየሱስ ወልደ ጻድቅ» አለ ዶክተሩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ስሟ ከማያውቋት ሰዎች መካከል፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ በክብር ተጠራ። መምህሩ እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ደስ አላቸው፤ አባት ናቸው። ሰብሊ አልተነሣችም። «ወለተ ኢየሱስ የለችም እንዴ?» ብሎ ዶክተሩ ፈገግ አለ፣ ሦስተኛም ጠራ። ያኔ ሰብሊ የካርዷን ማሰሪያ ጨብጣ ብድግ አለች።

«አቤት» አለች።

ትሕትና ከጓሮ ሲጠሯት እንዲሁ ነበር የምትለው። ሌላ ልጅ በዚያ ስም ተጠርታ አቤት ስትል መምህሩ አልቻሉም። ሦስት ዓመት ደርቆ የቆመው ነገር ውስጣቸው ተናደ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉና የሰብሊን ክንድ ይዘው ተነሡ። ድምፃቸው የአስተማሪ ድምፅ ነው፣ ማጉያ አላስፈለገውም። «ይቺ ሰብሊ ነች፤ ጥፋት የለባትም። ወለተ ኢየሱስ የኔ ልጅ ናት። ትሕትና ነበር የምንላት። ሞታለች። ሦስት ዓመት ሆናት። ከሞተች በኋላ ስሟን መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወፎቹን ያሰሩት ሌሎች ናቸው። ስትጠራ መስማት ፈልጌ ነው።»

ልጄ ሞታለች ብለው በአፋቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ፣ ሌላውም፣ ያቺ ወይዘሮም አፏን በነጠላዋ ይዛ ተነሣች፤ ምሁሩ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ቆሞ «ነፍስ ይማር» አለ።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጠረጴዛ ፈልጎ ከሦስቱ ጋር ተቀመጠ። ፈቃዱን እንደማይነጥቃቸው ነገራቸው፤ ግን የውሸት መዝገብ ከምንም ይከፋል፣ መቶ ሠላሳ ሰባቱም መስመር ወደ ትክክለኛው እጅ መመለስ አለበት አለ። ከመሞቷ በፊት በትሕትና ስም ያሉት ያው እንዳሉ ይቆያሉ። መምህሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ እንዲህ ያለች ወፍ ስንት ዓመት ትኖራለች? ዶክተሩ ዓይናቸውን ሸሸ። አምስት ዓመት ከኖረች ብዙ ኖረች አለ። መምህሩ ቀስ ብለው አሰሉት፤ በእውነት ልጃቸው የነካቻቸው ወፎች አብዛኞቹ አልቀዋል፣ የቀሩትም ብዙ አይቆዩም።

መዝገቡን ይዘውት መጥተው ነበር፤ ማረሚያውን ቀይ ብዕር ለሌላ አልሰጡም። እኔ ጻፍኩ፣ እኔ ልሰርዝ አሉ። ፈሪድ ቀኑን ያነባል፣ ሰብሊ ታስታውሳለች፣ መምህሩ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር በስሟ ላይ ያሰምሩና ከላዩ ይጽፋሉ፦ ፈሪድ። ፈሪድ። ሰብሊ። ፈሪድ። ፈሪድ መሀል ላይ እንባው መጣና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰጥቻት ነበር» አለ። «አውቃለሁ» አሉት። ቀጠሉ።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት፣ የካዛኪስታኗ ወፍ ቀን ላይ ሲደርሱ ፈሪድ ንባቡን አቆመ። ያን ቀን ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሰብሊም ፈተና ላይ ነበረች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋቸው። መምህሩ ትዝ አላቸው፤ ብቻቸውን ወጥተው፣ አንድ መረብ ዘርግተው፣ በዕድሜያቸው አንዲት ወፍ አስረዋል። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሦስቴ ስተው በአራተኛው ቀለበቱን ገጠሙ። የወፏ ልብ ጣታቸው ላይ ሲመታ ፈርተው ነበር። ሲለቋትም «ወለተ ኢየሱስ ነች ያሰረችሽ፣ እንዳትረሺ» ብለዋታል።

አሁን ያንን ስም ሰርዘው የራሳቸውን ጻፉ። ልጅ ከአባት ይወርሳል እንጂ አባት ከልጅ ሲወርስ ደግ አይደለም። ዶክተሩም በትንሽ ፖስታ ያለውን ቀለበት አወጣና ላሰረው ሰው ይሰጣል አለ። ተቀበሉት። ከምስር አይበልጥም።

በማግስቱ ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ለተሥላሴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈለቅቁ ነበር። መምህሩ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጡና ከደብዳቤው ጀምረው ሁሉንም ነገሯቸው። ሴትዮዋ ጥጡን አስቀመጡ።

«ስሟን ጠሩት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሰው ሰማ?»

«ሰማ። ተነሥቶ ነፍስ ይማር አለ።»

ቀለበቱን መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። ወይዘሮ ለተሥላሴ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ባለቤታቸውን አዩ፤ መምህሩ ያለቅሱ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሦስት ዓመቱ አንድ ላይ መጣ። ሴትዮዋ «ቻለው» አላሏቸውም። አብረዋቸው አለቀሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ሜዳው ላይ ነበሩ። ውርጩ ገና አልለቀቀም። የመጀመሪያዋ ወፍ ተያዘች፤ ፈሪድ ፈታት፣ አሰራት፣ ቁጥሩን አነበበ፣ መምህሩ ጻፉ። ክብደቱን ጻፉ። ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። ፈሪድም ወፏን በመዳፉ እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው፤ እስከ ማታም ቢሆን ሊጠብቅ ነው። ትሕትና ግን ወፍ ሰውን መጠበቅ የለባትም፣ በእጅ የቆየች ወፍ ትሞታለች እያለች ነበር ያስተማረቻቸው።

«ያሰራት ማን ነው?» አሉ መምህሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለመጀመሪያዋ ወፍ ጠይቀውት የማያውቁት ጥያቄ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ስሙን ጻፉት። «በል፣ ልቀቃት» አሉት።